በክሪክ ተንጠልጥላ የታሰረች መኪና

ለኢንጂነሩ፣

በታክሲ ሄጃለሁ። የመኪናዋ ቁልፍ ፍሪጁ ላይ ነው።

ጠዋት እማዬን ሐኪም ቤት ላደርሳት ብዬ መኪናዋን አሙቄ ሳንቀሳቅሳት፣ ግቢው በር ሳልደርስ መሪው ወደ ቀኝ ጎተተኝ። ኮፈኑን ብከፍት ያ ቀይ ብረትህ ተገትሯል። ግራና ቀኙን አሞርዛተር ከላይ አገናኝቶ የአሮጌ መኪና ፊት የሚያጠነክር ጥሩ ዕቃ ነው፤ መግዛቱንስ አውቀህበታል። ግን እስቲ ማን ነው መኪና በክሪክ አንጠልጥሎ፣ ጎማዋ አየር ላይ እያለ ብሎን የሚያጠብቀው? ስትንጠለጠል አካሏ ይጣመማል። አንተ እንደተጣመመች አሰርካት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል!

ለጎረቤቱ ሁሉ "አሁን ኩርባ ላይ እንደ ባቡር ናት" ስትል ደረትህን ነፍተህ ነበር። መሪው ሲጎትትህ ግን ጭጭ አልክ። ብትጠይቀኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር?

ብሎኖቹን ፈትቼ፣ ደልዳላ ቦታ በአራት ጎማዋ አቁሜ እንደገና አጥብቄያቸዋለሁ። እንዳትነካካቸው።
የቀሩትን መፍቻዎቼን ከአልጋህ ሥር አውጥተህ መልስ።

እጄን ታጥቤ "እማዬ፣ እንሂድ" ብላት፣ ነጠላዋን አስተካክላ "ትንሹ ይነሣና ከእሱ ጋር እሄዳለሁ፤ አንተ ትቆጣለህ" አለችኝ።

እሺ።

ክፍሏ ውስጥ ለባብሳ ተቀምጣለች። ከኋላ አስቀምጣት፤ ወገቧ ሥር ትራስ አድርግላት።
ኩርባው ላይ ቀስ በል።
ለአንተ ብዬ አይደለም።

ወንድምህ