በሌፒኒቫ መስኮት ስለበቀለው ዘንባባ

ለተከበሩ አቶ ሱሎ ራውቲያነን
የከተማው ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ሌፒኒቫ፣ ፊንላንድ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የወገብዎ ሕመምስ ቀለል አለልዎ? እኔ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት በየሐሙሱ የአተር ሾርባ የምቀዳዋ ኢርያ ኩይስማ፣ ይህ ደብዳቤ በደህናና በተመቸ ወንበር ላይ እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። የሦስተኛ ክፍል ልጆች በኢንተርኔት ያዩትን ሁሉ እንዳያምኑ፣ «ማን ጻፈው? ፎቶውስ ከየት መጣ?» ብለው እንዲጠይቁ ያዘዙት እርስዎ ነዎት። መምህርት ሄልቪ ታንስካነን ትእዛዝዎን ቃል በቃል ፈጸመች። ጥፋቷም ይኸው ነው።

አቤቱታዬን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ፦

፩. ልጆቹ የተለማመዱት እርስዎ በከተማው ድረ ገጽ ላይ ባወጡት «አዲሱ የኮምፒውተር ክፍላችን» በሚለው ዜና ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ቬርና ፎቶውን አየችና «ሄልቪ፣ እዪው እስቲ! በመስኮቱ ዘንባባ ይታያል እኮ! የኛ መስኮት የሚያሳየው በረዶና የቆሻሻ ገንዳ ነው» አለች። ልጆቹ ምንጩን ቢፈልጉ ፎቶው የሩቅ አገር የቤት ዕቃ ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ። ክፍሉ ራሱ እስከ ዛሬ የአሮጌ ወንበር መጋዘን ነው፤ ለወንበር ያለዎትን ፍቅር ስለማውቅ አልገረመኝም። ልጆቹም ሃያ አንድ ሆነው ፈርመው፣ በጨዋ ደንብ እርማት ላኩልዎ።

፪. መልስዎ ፈጣን ነበር። ፎቶው ዛሬም እዚያው አለ፤ ከክፍሏ የተነሳችው ሄልቪ ናት።

፫. ለወላጆች «በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች» ብለው ጻፉ። በገዛ ፈቃዷ የለቀቀችው ሴት ያን ቀን የድንች ጆንያዬ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች። «ኢርያ፣ ምን አጠፋሁ? እንዲጠይቁ አስተምሪ አሉኝ፣ አስተማርኩ» አለችኝ። ምን ልበላት? ሰውዬው ልጅ የሚፈራ ፈሪ ነው አልኳት፤ ይቅርታዎን።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ሄልቪን ወደ ልጆቿ ይመልሱልን።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለጠየቀችው መልስ ላጣው ከፍተኛ ማዕረግዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ እየሰጠሁ፣ ጭልፋዬን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሳለሁ።

ኢርያ ኩይስማ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ለወላጆች የላኩትን ደብዳቤ ልጆቹ እንደለመዱት መረመሩት። ፋይሉ ላይ የተመዘገበው ቀን እንደሚያሳየው የተጻፈው ሰኞ ነው፤ እርስዎ ሄልቪን ጠርተው ያነጋገሯት ሐሙስ። ፈቃዷን ከራሷ ሦስት ቀን ቀድመው ማወቅዎ ድንቅ ነው። ቬርና ፋይሉ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት በሚላክ ኢሜይል ላይ እንዴት እንደሚያያዝ አሳየችኝ፤ ትናንት ከሄልቪ ይግባኝ ጋር ልከነዋል።