ሳይጠሩት አቤት ስለሚለው ብራውዘርሽ

ቡርቱ፣

ወደ ዊንጌት እየሄድኩ ነው። ውሃ ስትመጣ ጀሪካኖቹን መሙላት እንዳትረሺ።

ሳላስፈቅድሽ በላፕቶፕሽ ተጠቅሜያለሁ። ስልኬ ላይ ያለው ብራውዘር ሁለት ገጽ ሲከፈትበት የቀጨኔን ዳገት እንደወጣ ሰው ያለከልካል፤ ሜኑውንም የት እንደሸጎጠው እግዜር ይወቅ። ያንቺው፣ እውነት ለመናገር፣ ይሻላል። የሚፈለገው ሁሉ ከላይ ተደርድሯል፣ ፊደሉም ጎላ ጎላ ያለ ነው።

አመሉ ግን ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው። «አብሽ ለጸጉር» ልል «አብ» ብዬ ስጀምር፣ «አብራኝ የምትኖር ልጅ ስትዘፍን ጆሮ ታሳምማለች ምን ላድርግ» ብሎ ጨረሰልኝ! የኔው ቀርፋፋ ቢያንስ የባለቤቱን ጉድ አያወጣም።

ገባሁበት። በቃ፣ ይቅርታ።

አንዴ የተከፈተ ሊንክ ቀለሙ ይቀየራል አይደል? «የጆሮ መድፈኛ ዓይነቶች» የሚለው ሐምራዊ ሆኗል።
«በግልጽ ንገሯት» የሚለው ግን አሁንም ሰማያዊ ነው።

ዕቃ ሳልዘፍን ማጠብ እንደማልችል ታውቂያለሽ።
ስለዚህ የትናንቱም የዛሬውም ሳፋው ውስጥ ይጠብቅሻል።

ቤዛዊት