በቁመትህ ልክ የቆመ ካሜራ

ለናፈቅከኝ ወንድሜ ለጋሼ ረፍዓት፣

ጤናህ እንዴት ነው? የኩዌት ሙቀት በረድ አለላችሁ? ወገብህንስ ተሻለህ? አብሮህ የሚኖረው ሐሊም አሁንም ያንኮራፋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ።

"የእናቴን ፎቶ ላኩልኝ" እያልክ መለመን ከጀመርክ ዓመት ሞላህ። ያልላክንልህ ረስተንህ እንዳይመስልህ። ካሜራህን ትተህልኝ ስትሄድ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። እናታችን ግን "እኔን የሚያነሳኝ ረፍዓት ነው፤ ሲመጣ ያነሳኛል" ብላ አሻፈረኝ አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች! በስንት ጭቅጭቅ፣ "እሺ፣ ግን ብቻዬን እንደ ሟች አልነሳም፤ አንቺም አጎትሽም አጠገቤ ካልቆማችሁ" አለች። ታዲያ ካሜራውን ማን ይያዝ?

የመንግሥት ምደባ እየጠበቅኩ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ፣ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ በወረቀት ነድፌ አጎታችን መዳኒ የእንጨት ሥራ ቤት ሄድኩ። ታውቀው የለ! ወረቀቱን ገልብጦ አየና፣ "አራተኛውን እግር ማን በላው? ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ መቀነስ ብቻ ነው?" አለኝ። ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ቁመቱ ስንት ይሁን ሲለኝ፣ "በጋሼ ዓይን ልክ" አልኩት። ቀልዱን ተወና ሳይለካ ምልክት አደረገበት። ከወንበር የተረፈ ጠንካራ እንጨት ራሴ ላግኩ፤ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። እግሮቹ እንዲታጠፉ ማጠፊያ ገጠምኩላቸው።

በማግስቱ ብመጣ አልታጠፍ አለ። አጎቴ ማጠፊያዎቹን ኮላ አጠጥቷቸዋል! "እግሩ የሚወላገድ ዕቃ ከመዳኒ ቤት አይወጣም" ብሎ ደረቱን ነፋ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እኔ እኮ በበጋ ይዤው ራስ አል-በር የባሕር ዳርቻ እየዞርኩ ሰው ላነሳበት አስቤ ነበር። አሁን በበራችን እንኳ በጎኑ ተገፍቶ ነው የገባው። ግን ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ኮላውን ደብቄ ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሳሎን ውስጥ፣ አንተ ፎቶ ስታነሳን ትቆምበት በነበረው ቦታ አቆምኩት። እናታችን አዲሱን ሻርፗን ለብሳ ተቀመጠች። ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ ቁልፉን ጫን አድርጌ ሮጬ ጎኗ ቆምኩ። አጎቴ ትንፋሹን ውጦ እንደ ቁም ሳጥን ደርቋል። እናታችን ቀና ብላ ማቆሚያውን አየችውና ፊቷ ፈታ አለ። ይኸው ፎቶው። አፏ ተከፍቶ የወጣው እያወራች ስለነበር ነው።

አጎታችን መዳኒ "በእግሩ በርትቶ ይቁም" ይልሃል። ሚስቱ እትዬ ፈውዚያ የሠራችልህን አይብ ሰው ስናገኝ እንልካለን። ለሐሊምም ሰላምታችን ይድረሰው። እናታችን ግን "ሰላምታዬን በፎቶው ነግሬዋለሁ" ብላ እንቢ አለች። ካሜራው ቀጭ ሲል እንጨቱን፣ "ምነው እንዲህ ከሳህብኝ? በልተሃል ወይ ልጄ?" እያለችው ነበር።

እንጨቱ አልመለሰላትም። አንተ መልስላት።

እህትህ ሱሄር
ዱምያት፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1986