ድምፅ ያልያዘው የአባታችን ንግግር

በሐሳብ ለማይለየኝ ወንድሜ ለኦዴሮ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የዶሃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም፤ ያው እንበላለን፣ እንነሳለን። እናታችን ከቀብሩ ወዲህ ፊቷ አልተፈታም።

በስልክ «አባባ ስለኔ ምን አለ? እንደተቀየመኝ ነው የሞተው?» ያልከኝን እስካሁን አለመመለሴ ንቄህ እንዳይመስልህ። ጀልባውን ሳታስፈቅደው ሸጠህ ከሄድክ ወዲህ ስምህን ጠርቶ እንደማያውቅ ታውቃለህ። መልሱን ስፈልግልህ ነው የከረምኩት።

የመመረቂያ ፊልሜን ስለ እሱ እንደምሠራ ነግሬህ ነበር። ምስሉ በካሜራ፣ ድምፁ በሌላ መቅጃ ለየብቻ ነው የሚቀረፀው። ሲጀመር ካሜራው ፊት ሁለት እንጨት ቋ ተደርጎ ይጋጫል፤ በኋላ ያቺን ድምፅ ይዘን ሁለቱን እናገጣጥማለን። አክስታችን ንያንጎማ ግን እንጨቱን ስታይ ጮኸች። «በታመመ ሰው ራስጌ ምን ታንኳኳላችሁ? የሬሳ ሳጥኑን ካሁኑ ልትመቱለት ነው?» አለችን። አባባ ሳቀና «እሺ በሏት ልጆቼ፣ ዛሬ ዓሣውን የምትጠብሰው እሷ ናት» አለ። እንጨቱን አስቀመጥነው።

አሁን ናይሮቢ ቁጭ ብዬ የማገጣጥመው በሳሉ ነው። በምስሉ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፣ በድምፁ ሳሉን እፈልጋለሁ፣ አንድ ላይ ሳደርጋቸው አፉና ቃሉ ይገናኛሉ። ሳሉ በበዛበት ቦታ ሥራው ይቀለኛል። ደስ ሲለኝ ጊዜ ራሴን እጠላለሁ።

የመጨረሻው ቀረፃ ላይ ግን ድምፅ የለም። አባባ ሐይቁ ዳር ብቻውን ተቀምጦ መናገር ሲጀምር እኔ ከሩቅ ካሜራዬን ከፈትኩ፤ ማይክራፎኑ ደረቱ ላይ ስላለ ይቀዳል ብዬ። ድምፅ ቀጂያችን ኪሩይ እንጨቱ ከቀረ ወዲህ የሚጀምረው እጄን ሳነሳለት ነበር። ሳላነሳለት ስቀር ዕረፍት ላይ ነን ብሎ መቅጃውን ዘግቶ ምሳ በላ። ሲያውቅ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ምን ልበለው?

በምስሉ ላይ ከንፈሩ መጀመሪያ የሚጠራው ስምህን ነው። ለቤተሰቡ ሳሳይ በዚህ ማንም አልተከራከረኝም። ከዚያ በኋላ ያለውን እናታችን «ይምጣና ቤቱን እዚሁ ይሥራ ነው ያለው» አለች። አክስታችን ደግሞ «የመቃብሬን አፈር እንዳይነካ ነው ያለው፣ አፉን አላየሽም?» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ አብረው አይበሉም።

ኪሩይ «የአባትሽ ድምፅ ሞልቶሻል፣ ከሌላ ቦታ ቆርጠሽ ለጥፊለት። ወንድምሽ ምን ያውቃል?» አለኝ። ሞከርኩት። «ዝናቡ ይምጣ» ካለበት «ይምጣ»ን ቆርጬ ከንፈሩ ላይ አደረግኩት። ልክ ገባ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩና አጠፋሁት። በሟች አባቴ አፍ እኔ እንዴት ልናገር?

ስለዚህ እንዳለ ልኬልሃለሁ። ከሱ ጋር ከሁላችን አብልጠህ ጀልባ ላይ የዋልክ አንተ ነህ፤ ሞተሩ ሲጮህ አፉን እያየህ ነበር የምትታዘዘው። ተመልከተው። ያለው እናታችን እንዳለችው ከሆነ ደውልላት። ሌላ ከሆነ ግን ለማንም አትንገር፤ እኔም አልጠይቅህም።

አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ኪሩይ ይቅርታ በይልኝ ብሏል። አክስታችን ሰላም በይው አላለችኝም። እናታችን ግን ደጋግማ ትስምሃለች፤ ስልኳን ከትራሷ ሥር አታወጣውም።

እህትህ አፖንዲ
ናይሮቢ፣ ጁን 21 ቀን 2019