ሦስተኛው ቀዳዳ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፦

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ አሁንም ደረጃውን የሠራውን ሰው ይራገማሉ ወይስ ተሻለዎት? ዓይንዎስ? እማዬን ያ ክፉ ሳል ለቀቃት? የሥራ ጠረጴዛዎ እግር ይወዛወዛል ብለውኝ ነበር። የሰው በር ሲያቃኑ የራስዎን ዕቃ ዞር ብለው እንደማያዩ ስለማውቅ፣ እስካሁን ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን እንደተወተፈበት እገምታለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ጤናዬ ደህና ነው፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። እትዬ ከስታለች እያለች የምታወራውን አይስሟት፤ በላክሁት ፎቶ ላይ የለበስኩት ጥቁር ስለሆነ ነው።

ነገሩን በስልክ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ባለፈው ስደውል ግን እንዴት እንደሆንን ያውቁታል፤ እኔ ስለ ጊታሩ ስጮህ እርስዎ ጣሪያው ተጠግኗል አሉኝ። ከእርስዎ በቀር ሰፈሩ ሁሉ የሰማኝ ይመስለኛል። ያ የመጋዝ ማሽን ጆሮዎን ይዞት ሄደ። በእትዬ አፍ እንዳልልክልዎት ደግሞ ያውቋታል፤ አንድ ቃል ሰጥተዋት ቅመም ነስንሳበት ነው የምታደርሰው። እውነቱን ከተናገርኩ ሌላም ምክንያት አለኝ፦ እምቢ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ስለዚህ ሁሉንም ከሥሩ ልጻፍልዎት፤ እርስዎም መነጽርዎን አድርገው፣ እስከ መጨረሻው ሳይቆጡ ያንብቡልኝ።

ቀን ቀን እዚያው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ። እንፋሎቱ ቆዳ ያሳምራል ይላሉ፤ እስካሁን ያሳመረው ግን ግድግዳውን ብቻ ነው፣ ቀለሙ ተልጦ አልቋል። ቅዳሜና እሑድ ምሽት ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ጃዝ የሚጫወት ባንድ አለ። ጊታር ተጫዋቻቸው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ አንዱ አስተናጋጅ የእኔን ነገር አንስቶላቸው ለሙከራ አስገቡኝ። መሪው ሳክስፎን ነፊ ነው፤ ሁላችንም አለቃ ነው የምንለው። ሲያዝ እንኳን እኛ ወንበሮቹም ቀጥ ይላሉ፤ ሲነፋ ግን እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ቦታው ከጸናልኝ ካውያውን ልሰናበት እንደምችል ሳስብ ሌሊቱ ራሱ አጭር ይሆንብኝ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ የፈለግሁት ነገር አልነበረም፣ አባዬ።

በዚህ መሐል ፒካፑ ጉድ ሠራኝ። ፒካፕ ስልዎት የጭነት መኪና የገዛሁ እንዳይመስልዎት። ከጊታሩ ክሮች ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ዕቃ ነች፤ ማግኔት አላት፣ በማግኔቱ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። የብረቱ ክር ከላይዋ ሲርገበገብ እሷ ትሰማና በገመድ ወደ ድምፅ ማጉያው ትልከዋለች። የጊታሩ ጆሮ ይበሏት። ከቤት ስወጣ በርካሽ ገዝቼ የለጠፍኳት አንድ ቅዳሜ በሙዚቃው መሐል ጸጥ አለች። እኔ ጣቶቼን አሯሩጣለሁ፣ ከማጉያው ግን ምንም አይወጣም። ከበሮ መቺው ሳቁን በአታሞው ሊሸፍን ሞከረ። አለቃ አልሳቀም፤ ሲያልቅ ጠራኝና በሁለት ሳምንት ውስጥ ጊታርሽ ሰው ካልሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለኝ።

በማግስቱ ጊታሩን አዝዬ ከጫማ ሰፊውና ከፎቶ ቤቱ መሐል ወደተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ሱቅ ሄድኩ። ባለቤቱ ሬዲዮና ማጉያ የሚጠግን ሽማግሌ ነው፤ ሰፈሩ ዝምታ ብሎ ይጠራዋል፣ ምክንያቱም አንድ ዕቃ ከመስማቱ በፊት ማራገቢያውን ያጠፋል፣ መብራቱን ያጠፋል፣ ጫማ ሰፊውንም እባክህ መዶሻህን ያዝልኝ ይለዋል። ሱቁ ውስጥ ለመቀመጥ መጀመሪያ አንድ የሞተ ቴሌቪዥን ማንሳት ያስፈልጋል። የእኔን ፒካፕ በመርማሪ መሣሪያው ነካ ነካ አድርጎ ሽቦዋ ከውስጥ እንደተበጠሰና መጠገኗ ከአዲስ እንደሚከብድ ነገረኝ። ከዚያም ከመሳቢያው ሦስት ዓይነት አውጥቶ ፊቴ ደረደረ።

አንደኛዋ ከአንገቱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ የምትቀር፣ ጣውላውን ጨርሶ የማትነካ ቀጭን ነች። ሁለተኛዋ ባለ አንድ ጥቅል፣ ድምፅዋ ጥርት ያለ። ሦስተኛዋ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ያላት፣ አንዱ የሚያመጣውን እዝዝ የሚል ድምፅ ሌላው የሚያጠፋባት፣ ድምፅዋ ክብ የሆነች ነች። እሷ ግን እንደ ሌሎቹ ላይ ላዩን አትቀመጥም፤ የጊታሩ ሆድ መዳፍ በምታህል ቀዳዳ ተቀዶ እዚያ ውስጥ ነው የምትገባው። ይህን ሲነግረኝ ሦስተኛዋን በእጄ ገፋ አድርጌ ራቅ አደረግኋት።

ጊታሩን የሰጡኝ ቀን ያሉኝን መቼም አልረሳም። በር ሲሠሩ የኖሩ ሰው፣ አንድ ደንበኛ ለጥገና አምጥቶ ሳይወስደው ከቀረው ስብርባሪ ጊታር ልኬት ወስደው፣ ያንን የጥድ ጣውላ ሆዱን በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት አቅልለው፣ በግራና በቀኝ እንደ ቫዮሊን ሁለት ቀዳዳ አወጡለት። ሲያቀብሉኝ፦ «ይህ እንጨት ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሦስተኛ እንዳታበጂለት» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። የእርስዎን እንጨት የሚቀድ ሰው ቢመጣ እኔው ነበርኩ በካውያ የምጠብቀው።

ዝምታ ደግ ሰው ነው፤ ሁለቱን አውሶኝ በልምምድ ሞከርኳቸው። ባለ አንድ ጥቅሏ ሱቁ ውስጥ ጨለማ ላይ ስትዘፍን የነበረችው፣ አዳራሹ ውስጥ መብራቱ ሲበራ ንብ የገባባት ቀፎ ሆነች። ፒያኖ ተጫዋቹ ዝንብ መስሎት ጆሮውን መታ። ተንጠልጣይዋ ግን ልቤን ወሰደችው፤ የእንጨቱን ድምፅ እንዳለ፣ ያኔ ከሱቅዎ ደጃፍ ተቀምጬ እንደምሰማው አድርጋ ታወጣዋለች። በቃ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ከበሮው ገብቶ ማጉያውን ከፍ ሳደርገው ግን የጊታሩ ሆድ ራሱ ከማጉያው ድምፅ ጋር አብሮ መርገብገብ ጀመረ፤ የወጣው ተመልሶ ይገባል፣ የገባው ይብስ ጮኾ ይወጣል። እንዲያ ያለ ኡኡታ ሰምቼ አላውቅም። ሆዱን በክንዴ ደገፍኩት፣ በጨርቅ ወተፍኩት፣ ወንበሬን አዞርኩ፤ ወይ ፍንክች። ጣውላውን እንዲያ ስስ አድርገው መላጥዎ በጓዳ በረከት ነው፣ በዚያ አዳራሽ ግን መከራ ሆነብኝ።

ወደ ዝምታ ተመለስኩ። እሱም ራሱን እየነቀነቀ፣ ሦስተኛዋ ሆዱ ላይ ከተተከለች ክብደቷም ጣውላውን እንደምታረጋው፣ ጩኸቱም እንደሚበርድ ነገረኝ። እዚያው ሱቅ ውስጥ አለቀስኩ፤ አያፍሩብኝ፣ ያየኝ ጫማ ሰፊው ብቻ ነው። ቦታውን ባጣው እዚያው ካውያዬ ጋ እቀራለሁ፤ ብቀደው ደግሞ ለእርስዎ የገባሁትን ቃል እበላለሁ። አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ ነው የሚባለው፤ እኔ ግን መቶ ጊዜ ብለካው ይህ ነገር በሜትር የሚለካ አልሆነም።

ዝምታ ሲያየኝ አዘነና፣ ለማንኛውም ውስጡን እንየው፣ ምናልባት ለመቅደድም የማይመች ይሆንና ትገላገያለሽ አለ። የጥርስ ሐኪሞችን የምትመስል ትንሽ መስታወትና ክር የምታህል አምፖል በጎን ቀዳዳው አስገባ። ሁለቱ ረጃጅም ደጋፊ እንጨቶች ከሥር ተለጥፈው ታዩኝ። አንገቱ አጠገብ ሲደርሱ ግን ግራና ቀኝ ገለል ብለው መንገድ ይለቃሉ። በተለቀቀው መሐል፣ ልክ ፒካፕ ሊገባበት በሚችለው ቦታ፣ አንዲት ተጨማሪ እንጨት ጭረቷ የሆዱን ጣውላ ጭረት አቋርጦ ተለጥፋለች። ዝምታ ስንጥቅ የተሸፈነበት ነው አለ። እኔ ጣቴን በቀዳዳው አስገብቼ ዳሰስኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ልስልስ ብሏል። ማንም የማያየውን የስንጥቅ ልጣፍ ማን ያለሰልሳል?

ያን ጊዜ የእርስዎ በሮች ትዝ አሉኝ። ደንበኛው ቁልፍ አልፈልግም፣ መቀርቀሪያ ይበቃኛል እያለ እንኳ እርስዎ ቁልፍ የሚገባበትን ቦታ ሁልጊዜ ያወፍሩት ነበር። ለምን ሲባሉ፦ ዛሬ መቀርቀሪያ ይበቃኛል ያለ ሰው ነገ ጎረቤት ይቀየርበታል፤ ያኔ በሬን ሰንጥቆ ቁልፍ ከሚያስገባ እኔ አስቀድሜ ላደላድልለት ይሉ ነበር። ያ ልኬት የወሰዱበት ስብርባሪ ጊታርም እዚያው ቦታ ላይ ቀዳዳ ነበረው፤ እኔና እትዬ እርሳስ እየከተትንበት ተቆጥተውናል። አባዬ፣ አፍዎ ከለከለኝ እንጂ እጅዎ አስቀድሞ ፈቅዶልኝ ነበር። ወይም እኔ እንዲህ ብዬ ማመን ስለፈለግሁ ይሆናል፤ ይህንን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እኔ ግን አመንኩ።

ዝምታን ቁረጥልኝ ስለው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «ሽቦ አውቃለሁ፣ እንጨት አላውቅም፤ የአናጢ ልጅ አንቺ ነሽ» አለኝ። እሑድ ጠዋት፣ ጸሐይዋ ሱቁ በር ላይ ስትደርስ፣ ጠረጴዛውን ወደ ብርሃኑ ጎትተን ጊታሩን ብርድ ልብስ ላይ አጋደምኩት። ማዕዘኖቹን በቀጭን መሰርሰሪያ በሳሁ፣ ከዚያ መጋዙን አስገባሁ። መስመሩን ለሞረድ ተይለት ይሉኝ የነበረውን እየደጋገምኩ ከመስመሩ ገባ ብዬ ነው የቆረጥኩት። ዱቄቱ ወለሉ ላይ ሲወርድ ሱቁን የእርስዎ ሱቅ ሽታ ሞላው፤ ዝምታ እንኳ ማራገቢያውን ሊያበራ ተነሥቶ መልሶ ተቀመጠ።

ፒካፕ መምረጡ ግን በዚህ አላለቀም። ባለ ሁለት ጥቅሎቹ ራሳቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ሽቦው የበዛ ኃይለኛ አለ፣ ሽቦው ያነሰ ለስላሳ አለ። አለቃ ኃይለኛውን ውሰጂ ብሎኝ ነበር፤ እሱ ሁሉ ነገር ሲጮህ ነው የሚወደው። እኔ ለስላሳውን መረጥኩ። ኃይለኛው የማንንም ጊታር አንድ ያደርገዋል፤ ለስላሳው ግን ጣቴ ሲከብድም ሲቀልም ይለየዋል፣ ከእንጨቱም ድምፅ ጥቂት ያስተርፋል። ድምፁን ለማጉላት ማጉያው አለልን፣ ምን አስቸኮለን።

ባለፈው ቅዳሜ ተጫወትኩ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከበሮው ገባ፣ ማጉያውን ከፍ አደረግሁ፣ ኡኡታውን እየጠበቅሁ ትንፋሼን ያዝኩ። አልመጣም። ድምፁ ወፍራምና ልስልስ ሆኖ እስከ ኋላው ወንበር ሄደ፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ቀና ብሎ አየኝና ለእኔ ቦታ ለቅቆ እጁን አሳረፈ። እንዲያ ሲለቀቅልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሲያልቅ አለቃ የሳክስፎኑን አፍ እየጠረገ፦ «ከአሁን ወዲያ ቦታው የአንቺ ነው፤ ብቻ አታርፍጂ» አለኝ። ለሰውየው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ልብስ ማጠቢያውን ለቅቄ ሙሉ በሙሉ ከእነሱ ጋር ነኝ። ደስ ብሎኛል፣ አባዬ፤ በጣም ደስ ብሎኛል።

የጎደለውንም ልንገርዎት። በክፍሌ ውስጥ ያለ ማጉያ ስመታው ድምፁ እንደ ድሮው አይከፈትም፤ ትንሽ ታፍኗል። ጎረቤቴ አልለየውም፣ እኔ ግን እለየዋለሁ። ይህ ቅር ያሰኘኛል፣ ምናልባት ሁልጊዜም ያሰኘኛል።

እማዬን እግሯን ሳሙልኝ፤ ሳሏን በሙቅ ውኃ እንጂ ችላ በማለት እንዳታባርረው ንገሯት። እትዬን ሰላም በሉልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ቀድማ እንደምታነበው አውቃለሁና እዚህ ላይ ምላሴን አውጥቼላታለሁ። ለባሏ፣ ለዚያ ለትዕግሥተኛው ሰው፣ ሰላምታዬ ይድረሰው። ልጃቸውን ድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ጥርሷ ከወጣ ግን በሩቁ። አብሮዎት የሚሠራውን ቀለም ቀቢውን፣ ጋሼንም፣ እንደማስበው ንገሩልኝ።

ፖስታው ለምን እንደወፈረ ሳይገረሙ አልቀሩም። በጨርቅ የጠቀለልኳት ከጊታሩ ሆድ የቆረጥኳት እንጨት ነች። ልጥላት አልሆነልኝም፣ እኔም ጋ እንዳትቀር የእርስዎ እጅ ሥራ ነች። በጀርባዋ የለጠፏት እንጨት አብራ አለች፤ ለምን እንደለጠፏት እውነቱን ይጻፉልኝ፣ ስንጥቅ ከሆነም እንደዚያው። ከዚያ ግን መነጽርዎን ያውልቁና ጠርዟን በአውራ ጣትዎ ዙሪያዋን ይዳስሱልኝ። ስለ ሙዚቃው የሚፈርድ ሰው እዚህ ሞልቷል፤ መጋዙ ቀጥ ብሎ መሄዱን የሚነግረኝ ግን ከእርስዎ በቀር የለኝም።

ልጅዎ

ከተከራየኋት ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ካለችው ጠረጴዛ
ጥር ፲፱ ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ