ደጅ የቀረው ጫማዬ

ልጄ ምስጢር፣ መድኃኔዓለም በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ። እንደምን ከርመሻል? ይህን ያለ ጸሐፊ በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ ከማታ ትምህርት ክፍላችን እንደኔ ያለ ጎበዝ የለም።

የገዛሽልኝ ማኪና ሸጋ ነው። ወንበሩ ይሞቃል፤ ወገብም ያሻል፣ አባትሽ ነፍሱን ይማረውና አንድ ቀን ያላደረገውን! ሻጮቹ በየወሩ በነፃ ያጥቡታል፤ እኔን ሻይ እየጋበዙ «እመቤት» ይሉኛል።

የድሮ ጎረቤታችን አበቡ ባሏ ሞተባትና ለቅሶ ልደርሳት አሁን ወደምትኖርበት ኮሶዬ ሄድኩ። ከቤት ስነሣ የማኪናውን ነጭ ምንጣፍ ሳይ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደምገባ ሁሉ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ስንደርስ ጫማ የለም፤ ለካ አራዳ ደጃችን ላይ ቀርቷል! ሾፌሩ አንዱዓለም «እትዬ፣ ይውረዱ እንጂ» ይለኛል። በማኪናው ያን ሁሉ ጉራ ነዝቼባት በባዶ እግሬ ጭቃ ላይ እንዴት ልውረድ? እዚያው ሙቅ ወንበር ላይ ታስሬ፣ በመስተዋቱ እያየኋት አለቀስኩ። አበቡም አየችኝና ፊቷን አዞረች።

አሁን ስልኬን አታነሳም። አንቺን ግን አዝላ ያሳደገች ናትና ደውለሽ «እናቴ ኮርታ ሳይሆን ጫማ አጥታ ነው» በይልኝ። እኔም ነገ በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ እዚያ ጫማ አውልቂ የሚል ምንጣፍ የለም።

እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ።

እናትሽ