ቁጥር አርባ ሰባትን ያልረሱት የደም መርማሪ

አክስታችን የደም መርማሪዋ ከአባታቸው ከልብስ ሰፊው እና ከእናታቸው ከአዋላጇ በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሁለት እህትማማች ታናሿ ነበሩ። አባታቸው ቀድመው ስላረፉ ታላቅ እህታቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ተቀጠሩ፤ ታናሻቸውንም በዚያ ሥራ አስተማሩ።

አክስታችን የላቦራቶሪ ትምህርታቸውን ጨርሰው በሃያ ሁለት ዓመታቸው በዚያው ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በሠላሳ ዓመታቸው ሬዲዮ ጠጋኙን ባለቤታቸውን አገቡ። ልጅ አልወለዱም።

የእያንዳንዱን ሰው የደም ናሙና በሁለት ብልቃጥ ይከፍሉ ነበር። «አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለሙግት» ይሉ ነበር። አለቃቸው፣ የምርምር ክፍሉ ኃላፊ፣ «ወይዘሮ ሙግት» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ማቀዝቀዣው ሞላ ብሎ ሲቆጣ «ምን ቸገረዎት ዶክተር፣ ምሳ አይጠይቅዎት!» ይሉታል።

በ1985 ዓ.ም. ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የሆስፒታሉ ሠራተኞች ጉበትን የሚጎዳውን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የሚከላከል ክትባት ተወጉ። ከዚያ ቀደም ኃላፊው ለጉዞ ሲነሣ ክትባቱ እንዳይበላሽብኝ ብሎ የማቀዝቀዣውን መቆጣጠሪያ በገዛ እጁ እስከ መጨረሻው አዙሮት ነበር። ይህ ክትባት ቅዝቃዜ ይስማማዋል፤ በረዶ ከሆነ ግን ኃይሉን ያጣል። ከኋላ የተደረደረው በረዶ ሆኖ ኖሯል።

ደማቸው ሲመረመር ሰማንያ አንዱ ላይ ምንም መከላከያ አልተገኘም። ብልቃጦቹ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራቸውም፤ የስሙ ዝርዝር በኃላፊው መሳቢያ ተቆልፎበታል። ኃላፊው ውጤቱን አይቶ «የነዚህ ናሙና ተበላሽቷል ብለሽ መዝግቢ፤ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለ። መዘገቡ። ይህን ጥፋታቸውን እንድንሸፍንላቸው አልፈለጉም፤ ዛሬ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ኃላፊው ለሁሉም ሠራተኛ የናሙና ቁጥሩ የተጻፈበትና «ተከላክለዋል» የሚል ማኅተም ያለበት ካርድ አደለ። ስለ ክትባቱ ባወጣው ጥናትም ተሸለመ።

በሦስተኛው ዓመት አንሶላ ውስጥ የተረሳ መርፌ ታላቅ እህታቸውን ወጋቸው። «ካርድ አለኝ እኮ!» ብለው ለሥራ ጓደኞቻቸው ስቀው ሐኪም ሳያዩ ሥራቸውን ቀጠሉ። በአራተኛው ወር ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉበታቸው ሥራ አቁሞ አረፉ። አክስታችን የስድስት ዓመት ልጃቸውን ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጉ።

ከቀብር መልስ ካርዱን ከእህታቸው ሽርጥ ኪስ አወጡት። ቁጥር አርባ ሰባት። የሙግቱን ብልቃጥ ከፍተው መረመሩ፤ ደሙ ምንም መከላከያ አልነበረውም። ኃላፊው ግን ቁጥሩ የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ንጹሕ ጋውኑን በየጠዋቱ ይቀበል የነበረው ከእኚሁ ሴት እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ አላለቀሱም። በየዋርዱ፣ በየጥበቃ ቤቱ «እስቲ ካርድህን አሳየኝ» እያሉ ሰማንያዎቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። ስድስቱን በቫይረሱ ተይዘው አገኟቸው፤ የቀሩትን በደህና ክትባት እንደ አዲስ አስወጉ። አራት ዓመት ፈጀባቸው። ከዚያም ኃላፊው በሚመራው ጉባኤ ላይ ውጤቱን ቆመው አነበቡ። «ተሳስተሻል፣ ተቀመጪ!» ሲላቸው «አልቀመጥም! ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ሰማንያ አንድ ምስክር አለኝ» አሉት። ከሹመቱ ወረደ፤ ሽልማቱንም ተነጠቀ።

ይህ አልበቃቸውም። እህታቸው በሞቱበት ቀን በየዓመቱ «47» ብቻ የተጻፈበት ወረቀት በፖስታ ይልኩለት ነበር። ሃያ ሦስት ጊዜ ላኩ። ባለቤታቸው «ተዪው በቃ፣ አርጅቷል» ሲሏቸው «እሷስ መቼ አረጀች?» ይሏቸው ነበር።

አክስታችን በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ያሳደጓትን የእህታቸውን ልጅ እና ዛሬ እዚህ የቆማችሁትን፣ በእሳቸው ድካም ጉበታችሁ የተረፈላችሁን ሁሉ ትተው ሄደዋል። ኃላፊው ዛሬ ጠዋት የላከው የአበባ ጉንጉን ከበር ተመልሷል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከታላቅ እህታቸው ጎን ያሳርፍልን። ለኃላፊው የተዉለትን ምርቃትም እንደ አደራቸው እናደርሳለን፦ ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ እስከ መጨረሻዋም ቀን አንዲት ነገር አያስረሳው።